ጢስ ያልነካቸው ሰባት ቀሚሶች

የሰደበኝ ዘማርያም ነው። ዕለቱ ረቡዕ፣ የ2005 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ነበር። ለእኛ ለፖሊሶች ኮምፒውተር ሊያስተምር መጥቶ፣ ማውሱን የያዝኩበትን እጅ አየና «ሳጅን፣ ይኼ እርፍ አይደለም፤ በስምንተኛ ክፍል ትምህርት ኮምፒውተር አይታረስም» አለኝ። በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ። አሥራ ስድስት ሰው ሳቀ። የሳቁትን በየስማቸው አውቃቸዋለሁ።

ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ትሕትና የምትባል የልብስ ነጋዴ ደብረ ማርቆስ መሐል ከተማ በሱቋ ጓዳ ሞታ ተገኘች ብለው ጠሩኝ።

ፍራሽ ላይ ጋደም እንዳለች ነበረች። አጠገቧ የከሰል ምድጃ አለ፤ አመዱ ገና ይሞቃል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ጥግ ላይ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ከፍራሹ በላይ የልብስ ገመድ ተወጥሯል፤ ባዶውን።

«ጉንፋን ይዟት መድኃኒት ውጣ ተኝታ ነበር» አለችኝ እኅቷ እስከዳር። «እኔ ከአምበር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብደርስ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል። በውጭ በኩል።»

የታመመ ሰው ከሰል አቅርቦ ሊተኛ ይችላል። በሩን በውጭ በኩል ወትፎ ግን አይተኛም።

«ኮምፒውተሩ ምን ይሠራል?»

«በኢንተርኔት ልትሸጥ ነበር። የመሸጫ ፕሮግራም ስታማርጥ ነው ክረምቱን የከረመችው። አንደኛው ኪራዩ በውጭ አገር ካርድ ነው፤ ካርዱን ከየት ታምጣው? አንዱን ዘማርያም ራሱ ሠራላት፤ ግን ፓስወርዱ እኔ ዘንድ ይቆይ አለ። ሦስተኛው ነፃ ነው። እሱን መረጠች።»

«ዘማርያም ምን አለ?»

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ጮኸባት አሉ። ‹ትጸጸቻለሽ› ሲላት ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ካቴናውን በእጁ ላይ ያጠለቅኩት ራሴ ነኝ። ከተማው ሌሊቱን ፈርዶበት አደረ፤ የቀረው የእኔ ወረቀት ብቻ ነበር።

ለወጉ ያህል የሱቋን ልብስ ሰፊ ጠየቅኩ። አበረ ይባላል፤ በረንዳዋ ላይ ይሰፋል። በዚህ ከተማ ከልቡ «እርስዎ» ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። የከሰል ካውያው አጠገቡ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

«አያ አበረ፣ ከሰል ስታስገባ አይተዋል?»

«አንገቴን ደፍቼ ስሰፋ ነበር፤ ምን አያለሁ።»

«ስለ ፕሮግራሙ ነግራዎት ነበር?»

«ነገረችኝ። ገዢው ሩቅ ስለሆነ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብሎ ነው የሚመርጠው አለችኝ። ሃያ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፤ በሦስት ልክ የተፈጠረ ሰው አላየሁም።» ከዚያ ካፖርቴን አየና «ቁልፍዎ ሊወድቅ ነው፤ ያምጡት ላጥብቀው» አለኝ።

«በኋላ» አልኩት።

ጓዳ ገብቼ ማውሱን ያዝኩ፤ እንደ እርፍም ቢሆን። ነፃው ፕሮግራም ላይ ሰባት ቀሚስ ተመዝግቧል። አራቱ ፎቶ አላቸው፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው። የመጨረሻው ፎቶ የተነሣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው፤ ከኋላው ገመዱ ላይ ነጫጭ ቀሚሶች ተሰቅለው ይታያሉ። ቀሚሶቹን ፈልጌ ከፊት ለፊቱ ክፍል ሳጥን ውስጥ አገኘኋቸው። አሸተትኳቸው። ከዚያ የሟቿን ነጠላ አሸተትኩ።

ሳጥኑን መልሼ ብዘጋው ዘማርያም አለቀለት። ማንም አይጠይቀኝም። ክዳኑን ይዤ ብዙ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰብኳቸው። ዘማርያም እንደታሰረ ነው፤ አዛዡም መጥቷል።

«ፎቶው የተነሣው ይህ ሰው ጮኾ ከሄደ በኋላ ነው» አልኩ። «ከዚያ ትሕትና ተኛች። ሦስት ፎቶ ስለሚቀራት ቀሚሶቹን አታወርድም። ታዲያ ማን አወረዳቸው? የእሷ ነጠላ ከሰል ከሰል ይሸታል፤ ቀሚሶቹ አይሸቱም። ከሰሉ ሳይገባ ነው የወጡት። ያወጣቸው ሰው ከሰል እንደሚገባ ያውቃል፤ የሚያስገባው እሱ ነውና። ዘማርያም ቢሆን የሚያሳሳው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ እዚያው ጢስ ውስጥ ተትቷል።»

«እኅትየዋስ?» አለ አዛዡ።

«አምበር ነበረች፤ ያመጣት የሚኒባስ ረዳት መስክሯል።» ሳጥኑን ከፈትኩ። «ጥልፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በየእጥፋቱ ወረቀት ገብቶበታል። እስከዳር፣ እንዲህ የሚያጥፍ ማን ነው?»

እሷ ወደ በረንዳው ሰው ዞረች። «አያ አበረ…»

እሱ ጣቶቹን ያይ ነበር። «ከመስከረም ጀምሮ በማሽን የተጠለፈ ከአዲስ አበባ አመጣለሁ አለችኝ። ‹እጅህን አሳርፍ› አለችኝ፤ ያዘነችልኝ መስሏት። ካውያዬ ውስጥ የነደደ ከሰል ነበረኝ።»

«ሰው እየገደሉ ለቀሚስ ይሳሳሉ?» አልኩት።

«ሰባቱም የእጄ ሥራ ናቸው። እነሱ ምን አጠፉ?»

ካቴናውን ከዘማርያም እጅ ፈትቼ ለእሱ አጠለቅኩለት። እጆቹን ሲዘረጋልኝ ካፖርቴን አየ። «ቁልፍዎን ሳላጠብቅልዎ» አለ።

ወሰዱት። እስከዳር ቀሚሶቹን አንድ በአንድ መልሳ አጠፈቻቸው፤ ጥልፉ ወደ ውጭ ሆነ።

ዘማርያም አንጓውን እያሸ በሩ ላይ ተጠጋኝ። ይህን ሰዓት ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ፤ የምለውንም በልቤ አጥንቼዋለሁ።

«ሳጅን» አለኝ፣ «ፊትህ አዲስ አልሆነብኝም። ከመታሰሬ በፊት እንተዋወቅ ነበር?»

ስነካካው የቆየሁት ቁልፍ እጄ ላይ ተበጠሰ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ዝናቡ ወጥቼ ሄድኩ።