በቤቴ የተመዘገበው ሁለተኛ ሰው

ፈጠራ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ፤ አልቀየማችሁም። የሆነው ግን በእኔ ላይ ነው።

የካቲት ወር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። አርሁስ ከተማ፣ የምሠራበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ጨለማ አልነበረም፤ መብራትም አልጠፋም። የሥራ ባልደረባዬ ኤስበን አጠገቤ ተቀምጦ ጥቁር ዳቦውን በዓሣ ይበላ ነበር።

ሥራዬ የሕዝብ መዝገብ ማጥናት ነው። እኛ አገር ሰው ሲወለድ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ትምህርቱም፣ ደመወዙም፣ ሕመሙም፣ የሚኖርበት ቤትም በዚያ ቁጥር ሥር ይጻፋል። ለእኛ ለአጥኚዎቹ የሚደርሰን ስሙ ተፍቆ፣ ቁጥሩም በሌላ ተተክቶ ነው። ስድስት ሚሊዮን ሰው... አንድም ስም የለም።

ሕጉ ሁለት ነው። አንድን ሰው ለይቶ መፈለግ ክልክል ነው። ከአምስት ሰው በታች የሚመለከት ነገር ደግሞ መዝገቡ ካለበት ኮምፒውተር አይወጣም።

እኔ የመጀመሪያውን ጣስኩ።

ለክፋት አልነበረም። ያን ሰሞን የማጠናው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ቶሎ ይሞቱ እንደሆነ ነበር። ስሌቴ በትክክል መሥራቱን ለማየት፣ እውነቱን ያለ ጥርጥር የማውቀው አንድ ሰው ያስፈልገኛል። ብዙዎቻችን ተደብቀን የምናደርጋት ነገር ናት... ራሳችንን እንፈልጋለን።

የልደት ቀኔን፣ የተማርኩበትን፣ ቤት የቀየርኩባቸውን ዓመታት አስገባሁ። አንዲት ሴት ብቻ ወጣች። እኔ ነኝ።

ብቻዋን ትኖራለች? የሚለው ቦታ ላይ...

አትኖርም፣ ይላል።

በቤቱ ያሉ ሰዎች ብዛት፦ ሁለት።

ሳቄ መጣ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ድመት እንኳ የለኝም።

ሁለተኛውን ሰው ከፈትኩት። ወንድ ነው። ትምህርት የለውም፤ ደመወዝ የለውም። አንድ ቀን እንኳ ሐኪም አላየውም። ያለው አድራሻ ብቻ ነው።

ተማሪ ሳለሁ የኖርኩበት ክፍል። ከዚያ ኦዴንሴ ከተማ። ከዚያ እንደገና አርሁስ... አምስት ቤት። የገባባቸው ቀኖች እኔ ከገባሁባቸው ጋር አንድ ናቸው።

የተወለደበትን ወርና ዓመት አየሁ።

ደግሜ አነበብኩት።

ትሮልስ። ታናሽ ወንድሜ። በስድስት ዓመቱ የጠፋው።

"ኤስበን..." አልኩ በሹክሹክታ። "አድራሻ ብቻ ያለው ሰው ምን ማለት ነው?"

"ቆሻሻ ነው። ሞቶ መዝገቡን የሚዘጋለት ያጣ።" ማኘኩን አላቆመም። "ስንት ናቸው?"

"አንድ።"

"አንድማ እዚህ ቤት ሰው አይባልም። ሰርዢው።"

አልሰረዝኩትም።

ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ፣ ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ ጥለውት የሄዱት የሲሚንቶ ምሽግ ነበር። ድብብቆሽ እንጫወት ብዬ ትሮልስን እዚያ አስገባሁት። የዛገውን የብረት በር በሁለት እጄ ገፍቼ ዘጋሁበት። መቶ ቁጠር አልኩት፤ መቶ ድረስ መቁጠር ገና መልመዱ ነበር፣ ደስ አለው። እኔ ከኪዮስክ አይስክሬም ልገዛ ሄድኩ።

ስመለስ በሩ አልከፈት አለኝ። ከውስጥ እየቆጠረ ነበር...

ፈራሁ። ወደ ቤት ሮጥኩና፣ በመጨረሻ ያየሁት ኪዮስኩ ጋ ነው ብዬ ዋሸሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ በኪዮስኩ በኩል ፈለገው። በሦስተኛው ሌሊት ማዕበል ተነሣና ዳርቻው ተናደ፤ ምሽጉም ባሕር ገባ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ እንዳታውቅ።

እናቴ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ ሰው ቤት ሲቀይር መመዝገብ ነው። ትሮልስ ሞቷል ተብሎ እንዲጻፍ ፈርሚ ሲሏት እምቢ አለች። ተስፋ ስላልቆረጠች ነው ብለን አዘንንላት።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ደወልኩላት።

"እማ፣ ትሮልስ የት ነው የተመዘገበው?"

ሬዲዮዋን ስትቀንስ ሰማሁ።

"አንቺ ጋ ነዋ። ሌላ የት ይሂድ? ከቤት የወጣው ካንቺ ጋር ነው።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ያን ቀን መዳፍሽን ያጠብኩት እኔ ነኝ" አለች በቀስታ። "ዝገት ነበር። ኪዮስኩ ጋ ዝገት የለም። የገባኝ ግን ምሽጉን ባሕር ከወሰደው በኋላ ነው።"

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አንዱን አጥቼ ሁለተኛዋን ልስጥ? ዝም አልኩ።" ትንፋሽ ወሰደች። "ብቻሽን እንድትኖሪ ግን አልፈቀድኩልሽም። ቤት በቀየርሽ ቁጥር እሱንም አብሬ ጻፍኩት።"

አለቀስኩ። እፎይታም ነበረበት፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ቢያንስ የሰው እጅ ነው። ቢያንስ እናቴ ናት።

"አምስቱንም ቤት?" አልኳት።

"ሦስቱን ነው እንጂ።"

"አምስት ነው፣ እማ።"

ሬዲዮዋን ጭራሽ ስታጠፋው ሰማሁ።

"ሶልቫይ... እኔ ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።"

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሁለት ጊዜ ቤት ቀይሬያለሁ።

ከዚያ ሳቅ ያዘለ ድምፅ ሰማሁ። እንደዚያ ደስ ብሏት ሰምቻት አላውቅም።

"እንግዲህ መንገዱን ለምዶታል" አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ማስረጃ አምጪ የምትሉኝ... አላመጣም። አንድ ሰው ከአምስት በታች ነው፤ ከዚያ ኮምፒውተር አይወጣም።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ደረስኩ። እኛ ዘንድ የነዋሪው ስም በሩ ላይ ይለጠፋል። ቆሜ አየሁት። የእኔ ስም ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም።

ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ጀርባዬን አስደግፌበት ተቀመጥኩ።

ትከሻዬን አንድ ነገር ቧጨረኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። እርጥብ ወረቀት ነው፤ በልጅ እጅ፣ በትልልቁ፣ ትሮልስ ተብሎ ተጽፎበታል። የተለጠፈው የስድስት ዓመት ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ ላይ ነው።

በበሩ የውስጥ በኩል።

ከሥሩ ደግሞ ቁጥር አለ... ዘጠና ዘጠኝ።