ሥር የሌለው ጉቶ

«በሩ እዚህ ጋ ነበር» አለች ኛኩዎል።

ቤርሳቤ የታቀፈችውን የበቆሎ እሸት ሳታወርድ ዞር ብላ አየቻት። ኛኩዎል በቆሎው መሃል ቆማ ረጅም ክንዷን ወደ መንታው ዋርካ ዘርግታለች። ደጇ ላይ እንደቆመች ሰው ነው የምታየው፤ ፊቷን የሚነካት የበቆሎ ቅጠል እንኳ ትዝ ያላት አትመስልም።

«የምን በር?»

«የሉዋክ። የከብት ቤት፣ ክብ ሆኖ ትልቅ። ፊቱ መንታ ዋርካ፣ ጀርባው ቀይ ኩይሳ።» ዞር ብላ ኩይሳውን በዓይኗ ፈለገችው፤ አገኘችው። «አያቴ ሁልጊዜ ትነግረናለች። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።»

«አትፎግሪኝ ባክሽ» አለች ቤርሳቤ እየሳቀች። «እዚህ ከእኛ በፊት ሰው ኖሮ አያውቅም።»

ይህን ስትል ቅንጣት አልተጠራጠረችም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሰዉን ከወሎ የጫነው መኪና እዚህ ሜዳ ላይ አራግፎት ሲመለስ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ፣ አያቷ አባባ አስማረ መጥረቢያ አንስተው የመጀመሪያውን ዛፍ ጣሉ። ይህን የዘጠኝ ቁጥር መንደር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የዛፉ ጉቶ እስከ ዛሬ ከማሳቸው መሃል አለ። በጉቶው ዙሪያ በቆሎው ቀለበት ሠርቶ ይበቅላል፤ ከሌላው በክንድ ይረዝማል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል። የመንደሩ ሰው እግዜር የአስማረን ላብ አይቶ የባረከው ነው ይላል። በየዓመቱ የቀለበቱ የመጀመሪያ እሸት ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። ቤርሳቤ ዛሬ የክፍል ጓደኛዋን ኛኩዎልን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛ ማሳ የወረደችውም እሱን ለመልቀም ነበር።

ደግሞ ነገ የወላጆች በዓል ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ ትምህርት ቤቱ በዓሉን ሞቅ አድርጎ ያከብራል። ዘንድሮ «አቀኚው አያቴ» የሚለውን ጽሑፍ የምታነበው ቤርሳቤ ናት። አባባ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። መምህር ወንዶሰን ጽሑፉን አይቶ አንዲት ፊደል አትንኪበት ብሏታል።

ኛኩዎል ጎንበስ ብላ አፈሩን በተረከዟ ጫር ጫር አደረገችው። ከጥቁሩ አፈር ሥር ዱቄት የመሰለ ግራጫ ብቅ አለ።

«የእበት አመድ ነው» አለች። «ትንኝ ከብቱን እንዳይበላው ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ እበት እናጨሳለን። በየዓመቱ እየተከመረ እንዲህ ይሆናል። በቆሎው ለዚህ ነው የወፈረው።»

«አባባ ጫካውን ሲያቃጥሉ የቀረ አመድ ይሆናላ።»

«ጫካ ሲቃጠል ክብ ይሠራል?» ኛኩዎል ወደ ጉቶው ጠቆመች። «እሱ ደግሞ የመሃሉ ምሰሶ ይሆናል።»

ቤርሳቤ አሁን አልሳቀችም። እሸቱን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ አጥሩ ላይ የተደገፈውን ዶማ አመጣች። «ቆይ፣ ሥሩን ላሳይሽ። የዛፍ ሥርና ምሰሶ ይለያያል አይደል?»

ቆፈረች። በአንድ በኩል ሥር አጣች፤ ዞራ በሌላው በኩል ቆፈረች። ዶማው ድንጋይ ነካ። ድንጋዮቹ በጉቶው ዙሪያ ተደርድረው በጭቃ ተጠቅጥቀዋል። ድንጋይ ስታወጣ ጉቶው ተነቃነቀ፤ ሌላ ስታወጣ ንቅል ብሎ በጎኑ ወደቀ። ምስጥ የማይበላው ጠንካራ እንጨት ነው። ግርጌው በእሳት ተለብልቦ ጠቁሯል፣ በመጥረቢያም ተስተካክሏል። አንድም ሥር የለውም።

ቤርሳቤ ዶማውን አስቀምጣ የጠቆረውን ግርጌ በእጇ ዳሰሰች።

ስንት ጊዜ ተቀምጣበታለች። ስንት ጊዜ «አባባ የጣሉት ዛፍ» እያለች ለእንግዳ አሳይታለች። የቆመ ዛፍና የቆመ ምሰሶ ደግሞ መጥረቢያ ለያዘ ሰው አይምታታም።

«እነማን ነበሩ?» አለች በመጨረሻ።

«እኛ። የአያቴ ቤተሰብ። በጋ ሲሆን ሣር ፍለጋ ከብቱን ይዘን ወደ ወንዝ እንወርዳለን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ወደዚህ ከፍታ እንመለሳለን። ያን ዓመት ስንመለስ ድንኳንና ትራክተር ጠበቀን። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ አላስታውስም። አያቴ ግን…» ትከሻዋን ነቀነቀች። «አሁን ጋምቤላ ከተማ ናት፣ አባቴ ጋ። ከብት የላትም።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ዛሬ አይደል ያየሁት?»

ቅርጫቱን አብረው በእሸት ሞሉት። ሊለያዩ ሲሉ ኛኩዎል ድምፅዋን ሳትለውጥ ጠየቀች፤ «ነገ ታነቢያለሽ አይደል? ‹የሰው እግር ያልረገጠውን ምድር› የሚለውን።»

ቤርሳቤ ስትለማመድ ኛኩዎል ደጋግማ ሰምታዋለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ቤርሳቤ ቤት ስትደርስ አባባ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ማጭድ ይስላሉ። አያቷ እማማ ወለተሥላሴ ባቄላ ይለቅማሉ።

«አባባ፣ ጉቶው ሥር የለውም።»

ማጭዱ ቆመ። ቤርሳቤ ‹ምን ትላለች ይቺ› እንዲሏት ጠበቀች። እንዲስቁባት ተመኘች።

«ማን ነው የቆፈረው?» አሉ አባባ።

መልሱን እዚያ ጥያቄ ውስጥ ሰማችው። ግድግዳውን ተደገፈች።

«እኔ ነኝ። ያ ቦታ ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነው አሉን። ያመጡን ሰዎች ባዶ ነው አሉን።»

«እርስዎ ሲያዩትስ?»

አባባ የማጭዱን ስለት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ሁለት ልጅ በረሃብ ቀብሬ፣ አንቺን እናትሽ ጀርባ ላይ አዝላ… የት ልሂድ ነበር? ወደየት ልመለስ?» ተነሡ። «ነገ የጻፍሽውን አንብቢ።»

ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው የሠርክ ጸሎታቸውን ጀመሩ። ሌላ ቀን ከአፋቸው የሚፈሰው ጸሎት ዛሬ እየተቆራረጠ ይመጣ ነበር። እማማ ከባቄላው ቀና ሳይሉ፣ «የዚያ ክብ ቤት ጣሪያ ደህና ነበር» አሉ በቀስታ። «የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ያስጠለለን እሱ ነው፤ ምሰሶው የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። እናትሽና አንቺ ጥግ ጥጉን ይዛችሁ ተኛችሁ። የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው ብዬ ነበር፣ ማን እንደሆነ ሳላውቅ።»

ጠዋት ቤርሳቤ ስትነሣ የእሸቱ ቅርጫት ትናንት ባስቀመጠችበት ግድግዳ ሥር አለ። አባባ ማልደው ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመልሰዋል። ቅርጫቱን ግን አልወሰዱትም።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፣ አዲሱ የክልሉ ባንዲራ ተሰቅሏል። መምህር ወንዶሰን ወዲያ ወዲህ ይላል። ቤርሳቤ ኛኩዎልን ከውኃ በርሜሉ አጠገብ አገኘቻት። አንዳቸውም ሰላም ለማለት አልቸኮሉም።

«ሉዋኩን የሠራው ሰው» አለች ቤርሳቤ፣ «ስሙ ማን ነበር?»

ኛኩዎል ዓይኗን አጠበበች። «ምን ያደርግልሻል?»

«ንገሪኝ።»

«ዱዎት ቢየል። የአያቴ ባል።»

«ዱዎት ቢየል» አለች ቤርሳቤ፤ ደገመችው።

ቀና ስትል አባባ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላዋ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቀችም። ኛኩዎልን አዩዋት፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በሰዉ መሃል አልፈው ወደ ተዘጋጀላቸው የፊት ወንበር ሄዱ። ሰዎች ተነሥተው እጅ ነሷቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆሙ።

መምህር ወንዶሰን ስሟን ጠራ።

ቤርሳቤ ወረቀቱን አጣጥፋ የደብተሯ ሽፋን ውስጥ ከተተችው። ባዶ እጇን ወደ መድረኩ ወጣች።

«ከአያቴ በፊት» ብላ ጀመረች።