የሞላው ኩባያ

«ዛፍ ሰው ገደለ!» አለ ኮንስታብል ሙላቴ በስልክ። ትንፋሹ ይቆራረጣል።

ኢንስፔክተር ፈንታነሽ ዛፍ የወደቀበት ሰው መሰላት። መጥረቢያና ገመድ የያዙ ሁለት ጎልማሶችን ጭና ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ገሠገሠች። ደርሳ ስታይ ግን የወደቀ ዛፍ የለም።

«የታለ ዛፉ?»

«ያውና» አለ ሙላቴ፣ እርከኖቹ ላይ የተደረደሩትን የፈረንጅ ጥዶች በአገጩ እያሳየ። «ጣሊያን ያስተከላቸው ናቸው። እርከኑን ሲክቡ የሞቱት እዚሁ ሥራቸው ተቀብረዋል ይባላል። አገሬው መምህሩን የገደሉት ዛፎቹ ናቸው ይላል።»

«አንተስ?»

«እኔማ መንግሥት ያለውን ነው የምለው።»

ጎልማሶቹ ይህን ሲሰሙ ከመኪናው አንወርድም አሉ።

መምህር ጓንጉል ከድንጋይ አግዳሚው ሥር በጎኑ ወድቋል። የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ያቋቋመውን ይህን የዕፅዋት ሥፍራ ሲያጠና ቆይቷል። አፉ ዙሪያ ትውከት ደርቋል። ጫፉ የታኘከ መፋቂያ በጣቶቹ መሃል ቀርቷል፤ በደረት ኪሱም ሦስት ሌሎች አሉ። የሁሉም ቅርፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተልጧል። አግዳሚው ላይ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ውሃውን የሰጠችው በለጠች ናት፣ የችግኝ ሠራተኛዋ» አለ ሙላቴ። «ሕዝቡ ሊደበድባት ሲል ይዘናታል። ነገ ማታ ወደ ዞን ትወሰዳለች።»

ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ሲወጣ እንኳ በዚያ ግቢ ውሃ የደፈረ አልነበረም። ጋኑ ተደፋ፤ የቧንቧው አፍ በጨርቅ ታሰረ። ፈንታነሽም ከቤቷ የቀዳችውን ኮዳ አንስታ፣ አሽትታ፣ መልሳ አስቀመጠችው።

በለጠች በማረፊያ ቤቱ ጥግ ኩርምት ብላለች። ዐይኗ ከበሩ አይነቀልም።

«እትዬ በለጠች፣ ውሃ ለምን ሰጡት?»

«አፌን መረረኝ፣ ልጉመጥመጥ አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲያ ነበር፤ ልቡ ድክም ይላል፣ ዐይኑ ይጭበረበርበታል። ጾሙ ነው አልን። ያን እንጨትህን ጣለው፣ እሱ ነው የሚመርህ ብለው፣ የጣራ ገዳም በረከት ነው፣ እንዴት እጥላለሁ አለኝ።»

«ማን ሰጠው?»

«አልነገረኝም።» በለጠች የነጠላዋን ጫፍ ጨመደደች። «ልጆች አሉኝ እመቤቴ። እኔ ከታሰርኩ ማን ያሳድግልኛል?»

የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር አንዱአምላክ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር የሚናገረው።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተከራክረን ነበር። ጣሊያኖቹ የገበሬውን መሬት ቀምተው የአገራቸውን አበባ ተከሉ፣ የገብሱንና የጤፉን ዘር ለቅመው ወሰዱ፣ ሥራውን የሠራው በጅራፍ የተነዳ ሕዝብ ነው፤ ለጎብኚ የሚነገረው ይሄ ይሁን አለ። እኔ ስለ ዛፎቹ ብቻ እናውራ አልኩ። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ያ ሐምራዊ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ምንድን ነው?»

«ኦሊያንደር። ለጌጥ ያመጡት ነው። ቅጠሉ ወይራ ይመስላል እንጂ እንጨቱም ቅጠሉም መርዝ ነው፤ ልብ ያቆማል። ይታጠር ብዬ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ለምንሠራው ሁሉ፣ ለኮሚቴውም አስጠንቅቄአለሁ።»

«ጣራ ገዳም ሄደው ያውቃሉ?»

«እሑድ ከኮሚቴው እስከ ዘበኛው ሁላችንም አብረን ሄደናል። የአገር በቀል ዛፍ ዘር ልንለቅም።»

ፈንታነሽ ቁጥቋጦውን ሄዳ አየችው። ጥቂት ቅርንጫፎች በመቀስ ተቆርጠዋል። መቀሱ ግን ከችግኝ ቤቱ ግድግዳ ላይ ማንም ሊያነሣው በሚችልበት ተሰቅሏል።

ዘበኛው አያ ጌጡ በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት።

«አባቴ እዚህ ድንጋይ ተሸክሟል። ማን በጅራፍ ይነዳቸው እንደነበር ለመምህሩ ነገርኩት። ካቦው ፈረንጅ አልነበረም፤ የኛው ሰው ነው።»

«ስሙ ማን ነው አያ ጌጡ?»

ሽማግሌው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። «ስሙን የሰማው ሰውዬ ሞተ፣ ልጄ። ተይኝ።»

የዕፅዋት ሥፍራው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አዳነ ከበሩ ላይ ቆሞ ነበር። መፋቂያውን ከአፉ አውጥቶ ሰላምታ ሰጣት።

«ነፍስ ይማር። ወንድሜ ማለት ነበር። ቅዳሜ የዕፅዋት ሥፍራው በአያቴ በአርበኛው ስም ሲመረቅ ንግግር የሚያደርገው እሱ ነበር።»

«ምን ሊል?»

«ታሪኩን ነዋ። ሴትዮዋን ግን ቶሎ ውሰዷት። ሕዝቡ ፈርቷል፤ ውሃ እንኳ አይጠጣም።» መፋቂያውን መልሶ ጎረሰ።

በማግስቱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ፈንታነሽ በለጠችን ከማረፊያ ቤቱ አስመጥታ አራቱንም ችግኝ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነፋሱ ጥዶቹን ባስጮኸ ቁጥር ሁሉም ወደ በሩ ይዞራሉ።

«ሙላቴን ልኬዋለሁ፤ እስኪመጣ እንጠብቅ። ጾም ነው፣ የምጋብዛችሁ የለኝም» አለችና እንደ ጓንጉል መፋቂያ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተላጡ መፋቂያዎች አደለቻቸው።

«ልጄ፣ ለኔ ጥርሱን ከየት ልታመጪልኝ ነው?» አሉ አያ ጌጡ፤ ሆኖም ድዳቸውን አሸት አሸት አደረጉበት። ዶክተሩ «እኔ ብሩሽ ነው የለመድኩት» እያለ ጎረሰው። በለጠች እያለቀሰች አኘከች። አዳነ የራሱን በሁለት ጣቱ ብቻ ያዘው።

«አቶ አዳነ፣ አይፍቁም?»

«ጾም ነው።»

«ትናንትም ጾም ነበር። እየፋቁ ነው ያገኘሁዎት።»

ፈንታነሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ኩባያው ሙሉ ነበር። ጓንጉል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ ሁለቱን ቀን ሲታመም ከአፉ ያልተለየው መፋቂያው ነው። የወይራ መፋቂያ የሚላጠው ጫፉ ብቻ ነው። የሱ ግን ሙሉ በሙሉ ተልጧል፤ ቅርፊቱ ቢቀር ወይራ አለመሆኑ ይታወቃላ። ቢመረውም እንዳይጥለው የገዳም በረከት ነው ተባለ። መርዙን ታውቃላችሁ፤ እሑድ ጣራ ገዳም ነበራችሁ፤ መቀሱም እጃችሁ ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ አራታችሁም እኩል ናችሁ። ነገር ግን አገር ሁሉ የፈራው ውሃውን ነው፤ እኔም የእንጨቱን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። እንጨቱን የሚፈራ፣ እንጨቱ መግደሉን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

«ጥርስ ባለመፋቅ ሰው ይታሰራል?» አለ አዳነ።

«ከገበያ የገዛሁት ወይራ ነው። ይፋቁትና እኔ ልፈር።»

አዳነ እንጨቱን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ከዚያ መልሶ አውርዶ መሬት ላይ ጣለው። ያኔ ሙላቴ ገባ፣ ከአዳነ ጓሮ ያገኘውን ልጣጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ። ዶክተሩ አገላብጦ አየው። «ኦሊያንደር ነው» አለ።

«አያ ጌጡ፣ የካቦውን ስም አሁን ይንገሩን።»

ሽማግሌው ተነሡ። «የዚህ ሰውዬ አያት ነው።»

«አርበኛ ነበሩ!» ብሎ ጮኸ አዳነ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ልጆቼ ምን እየተባሉ ይኑሩ? ይቺን ብቻ ዝለላት ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

«የኔስ ልጆች?» አለችው በለጠች።

ሙላቴ የአዳነን ክንድ ያዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። በለጠች ጨርቁን ከቧንቧው ፈትታ ኩባያ ሞላች። እጁን የዘረጋ የለም። እንደ ጥንቱ ወግ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ልትቀምስላቸው ስትል፣ ፈንታነሽ ኩባያውን ተቀብላ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች። ከሷ ቀጥሎ አያ ጌጡ ጠጡ።

አዳነ በዚያው ምሽት ወደ ዞን ተወሰደ። በለጠች ወደ ልጆቿ ሄደች። የቅዳሜው ምረቃ ቀረ።