ከግድግዳው ሥር የተከመረው ቄጤማ

ሲና በሆዷ ተኝታ ከግድግዳው ሥር አፍጥጣለች። የተንከባለለ ኳስ ፍለጋ ነበር የመጣችው፤ ኳሱን ግን ካገኘችው ቆይታለች። ያፈጠጠችበት ሌላ ነው። ከደረቀው የቄጤማ ክምር ውስጥ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ መስመር ተነሥቶ የበሩን ምሰሶ ይዞ ሽቅብ ወጥቷል። በጥፍሯ ሰበር ስታደርገው ነጫጭ ምስጦች ግር ብለው ወጡ።

«ኪዲ፣ ነይማ ጉድ እዪ።»

ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ኪዲ አጎንብሳ አየችና ፊቷን አጨማደደች። «አቦ፣ ቤታችሁ እኮ እየተበላ ነው።»

ቤቱን የሠሩት የሲና አያት መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ናቸው። ከጣና ብዙም የማይርቅ የጭቃ ቤት ነው፤ መሬቱ እርጥበት አያጣም። የጊዮርጊስ ማኅበር ተራ ሲደርሳቸው ቤቱ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ጸሎት ይደረስበታል፣ ጠበል ይረጭበታል። ያንን ቄጤማ ደግሞ ማን ደፍሮ ቆሻሻ ላይ ይጥለዋል? መሪጌታ በእጃቸው ሰብስበው ከግድግዳው ሥር ያኖሩታል፤ እግር እንዳይረግጠው፣ እዚያ ያለውንም ጭቃ እንዲሸፍን። የዓመታት ቄጤማ ነው።

ሲና አምና ነግራቸው ነበር። ምስጥ እርጥብና ሽፍን ያለ ቦታ እንደሚወድ፣ ቄጤማውም ድግስ እንደሚሆንለት። እሳቸው ግን የተባረከ ነገር ቤት ይጠብቃል እንጂ አይበላም ብለው ወሬውን ዘጉት።

ኪዲ መላ አላጣችም። መሪጌታ ቅዳሴ ላይ እያሉ ክምሩን ጠራርጎ መድፋት፣ ከጠየቁ የጎረቤት በግ በላው ማለት። በግ መቼም አይመሰክርም ብላ ሳቀች።

ሐሳቡ ሲናን አስጎመዣት። ግን ያ ከሆነ በሚቀጥለው ማኅበር እንደገና ይከመራል፤ ምሰሶው ደግሞ እስከዚያ መቆሙን እንጃ።

«ያገኘሁት እኔ፣ ስሙ ለበግ? አይሆንም» አለች።

አያቷ ሲመለሱ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባባ፣ መቋሚያዎ ለአንድ ነገር ይፈለጋል።»

«ልትዘምሚበት ነው?»

«አይ፣ ምሰሶውን ጠቅ ያድርጉበት። እኔ ካደረግሁት ሰበረችው ይሉኛል።»

ሳቅ አሉና ጠቅ አደረጉት። የመቋሚያው ጫፍ ዳቦ የነካ ይመስል ስምጥ አለ። ቁራጭ እንጨትም ተገንጥሎ እግራቸው ሥር ወደቀ።

መሪጌታ ወደ ምሰሶው ጠጋ አሉ። ያንን ግንድ በጉልምስናቸው ከወንዛዬ በኩል አስመጥተው፣ በገዛ እጃቸው ያቆሙት ነው። ሲና «አላልሁም?» የሚል ቃል አዘጋጅታ ነበር፤ ምሰሶውን በመዳፋቸው ሲዳስሱት ስታይ ዋጠችው።

«አየሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቄጤማውን አክብሬ ቤቴን አስበላሁ።» ከዚያም ማንንም አማክረው የማያውቁት ሰው ወደ እሷ ዞሩ። «ታዲያ እዚህ ምን እናድርግበት?»

ሲና ቀና አለች። «ሣርም ሰጋቱራም አይሆንም፤ ሁሉም ለምስጥ ምግብ ነው። ጠጠር እናልብሰው። ከግድግዳው ሥር ደግሞ ስንዝር ያህል ባዶውን እንተው፤ ምስጡ ከመጣ እንድናየው።»

«ቄጤማውስ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ ካሉት ዛፎች ሥር። እዚያም የሚረግጠው የለም።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ክምሩን ራሳቸው ማንሣት ጀመሩ። ሲናና ኪዲ ከሰፈሩ የኮብልስቶን ሥራ የተረፈውን ጠጠር በጋሪ አመላለሱ። ኪዲ ግማሹን ጊዜ ፎቶ ስታነሣ ነው ያሳለፈችው። ወደ ማታ ደጁ ጥቁር፣ ንጹሕ ሆነ። የሲና መዳፍ ውኃ ቋጥሯል፤ ቢሆንም በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ አስቁማ «ይህን ያለበስሁት እኔ ነኝ» ማለት አማራት።

አያቷ ጠጠሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመዱበት። ምሰሶውን ነገ አናጢ እንደሚቀይረው ነገሯት። ከዚያ እንደ ዋዛ ጨመሩ፦

«ማኅበርተኛው ሁሉ እንደ እኔው ከግድግዳ ሥር ነው የሚያኖረው። የጊዮርጊስ ዕለት አንቺ ንገሪያቸው።»

«እኔ? በእነዚያ ሁሉ ሽማግሎች ፊት?»

«ያየሽው አንቺ፤ እኔ ምን ብዬ ልናገር?»

ሲና ጎንበስ ብላ ከምሰሶው የተገነጠለውን፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳውን እንጨት አነሣች። ኪዲ ልትጥልላት እጇን ዘረጋች። ሲና ግን አንድም ምስጥ እንዳይቀርበት ደጋግማ አራገፈችው፤ ከዚያ ይዛው ገባችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው፣ ለጊዮርጊስ ዕለት።