የግራውንድ ብረቱ የእጅ ዋጋ

ሐጂ አብዱረዛቅ ከአሱር ሶላት በኋላ በራሳቸው ግቢ፣ ከኤሲው የውጪ ሣጥን ሥር ተዘርረው ተገኙ። ሁልጊዜ «ይቀዝቅዝ» እያሉ ሣጥኑ ላይ ውሃ የሚያፈሱበት ማንቆርቆሪያ አጠገባቸው ተንከባሏል፤ ቀኝ መዳፋቸው ጠቁሯል። የሸዋሮቢት ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ የሚዞርበት ቀን ነበር፤ ሬሳውን ያየ ሁሉ ግን በረደው።

ሳጅን በቀለ ኤሲውን የገጠመውን ካሳሁንን በካቴና አስሮ ጋሼ ኢልያስን አስጠራ። ከጣርማ በር ወዲህ በእኚህ አንጋፋ መካኒክ እጅ ያላለፈ ማቀዝቀዣ የለም። አሁን ሥራቸው ባለሙያና ባለቤት ሲጣሉ የእጅ ዋጋ መቁረጥ ነው፤ እሳቸው የቆረጡትን ጅን እንኳ አይከራከርበትም።

«ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሳጅኑ። «ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያሰርገውን ግራውንድ ብረት ለመቅበር ብቻ አራት ሺህ ብር ጠየቀ፤ ሐጂ እምቢ አሉ። ይኸው፣ ብረት የሚባል የለም! ሽቦው አየር ላይ ቀርቷል።»

«በመድኃኔ ዓለም፣ ሳይከፈለኝም ቀብሬዋለሁ! ሁለት ሜትር ሙሉ!» አለ ካሳሁን። «ጋሼ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ታስሬ እንዳልቀር።»

ጋሼ ኢልያስ ኃይሉን አስጠፍተው ሣጥኑን ከፈቱ። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ በቢላ ተልጦ ከሣጥኑ ቆርቆሮ ጋር ታስሯል።

«ይህ ስህተት አይደለም» አሉ በዝግታ። «እትዬ ሙሀባ፣ ሰሞኑን ምን ሰሙ?»

የሟች ባለቤት ነጠላቸውን አጠበቁ። «ከሦስት ቀን በፊት ሐጂ ለመግሪብ መስጊድ ሄደው ሳለ፣ እዚህ ጋ መሬቱ አቃሰተ። እንደሚያጣጥር ሰው! ከክፉ እንዲጠብቀኝ አያተል ኩርሲ እየቀራሁ በሬን ዘጋሁ። ሐጂ ሳቁብኝ። አሁን ሳስበው የሳቸው ድምፅ ነበር።»

የጋሼ ኢልያስ የክንዳቸው ጠጉር ቆመ። ግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስቀመጡ።

«ከሁሉ በፊት ዋጋ እንቁረጥ። እዚህ ቦታ ብረት ለመቅበር ስንት ይገባል?»

«ለዚህ ዱቄት ለመሰለ አሸዋ?» ሳጅኑ ሳቀ። «ሦስት መቶ፤ እሱም ለሻይ ተጨምሮ።»

«ሐጂ አምስት መቶ ብለው ነበር» አሉ እትዬ ሙሀባ።

ከካራቆሬ የመጣው የሟች ታናሽ ወንድም ሱፍዋን ለእስረኛው ያዘነ መስሎ ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ ፍረዱ! ከላይ ነው እንጂ አሸዋው፣ ከጉልበት በታች ቋጥኝ ነው። አራት ሺህ ያንሰዋል።»

«እሱ ሲቀብር አንተ የት ነበርክ?» አሉ ጋሼ ኢልያስ።

«ካራቆሬ፤ ሽንኩርት ሳስጭን።»

«ታዲያ ቋጥኙን ማን ነገረህ?»

«ወንድሜ ነዋ!»

«ውሸት!» አሉ እትዬ ሙሀባ። «ሐጂ ‹ቋጥኝ የለም፣ ሊበላኝ ነው› ብለው አይደል እንዴ ያልከፈሉት!»

ጋሼ ኢልያስ ወደ ሱፍዋን ዞሩ።

«ሳጅን በዓይኑ ገመተ፤ አንተ ግን በወገብህ ገመትክ» አሉ ጋሼ ኢልያስ። «እዚህ ቋጥኝ መኖሩን የሚያውቀው ብረቱን የቀበረና የነቀለ ብቻ ነው። የቀበረው ይኸው ታስሯል። እትዬ የሰሙት ማቃሰት ብረቱ ከቋጥኝ ሲላቀቅ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚሰርግበትን ነቀልክ፤ ኃይል ያለውን ሽቦ ዛሬ ልጠህ ከቆርቆሮው አሰርክ፤ ወንድምህ በእርጥብ እጃቸው እንደሚነኩት ታውቃለህ። እጅህን ዘርጋ!»

ሽንኩርቱን በሰው የሚያስጭነው ነጋዴ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ተልጧል።

«የማንጎ ማሳውን አልሸጥልህም ስላሉህ?» አሉ እትዬ ሙሀባ። ሱፍዋን ዓይኑን ወደ ማንጎው መስኖ ሰረቅ አደረገ። ብረቱን ሳጅኑ ከዚያው ውስጥ አወጣው።

«የእጅ ዋጋው አራት ሺህ፤ ተቆርጧል» አሉ ጋሼ ኢልያስ።

በማግስቱ እትዬ ሙሀባ ብሩን ቆጥረው ሰጡና ካሳሁን ብረቱን መልሶ መቅበር ጀመረ። ከጉልበት በታች ሲደርስ መሬቱ አቃሰተ፤ ያው እንደሚያጣጥር ሰው። ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ወደ ጉድጓዱ የተጠጋ የለም።

«ልጄ፣ ቀስ በል» አሉ እትዬ ሙሀባ ከበሩ ላይ ሆነው። «እንዳያማቸው።»