የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ

ልጆቼ፣ የሯጭ ተረከዝ ቀን ላይ ይዋሻል። ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ግን እውነቱን ያወጣል። ይህን የክለቡ ወጌሻ ከማንም በላይ ያውቃል። ችግሩ ምን መሰላችሁ... የሚወዳት ሯጭ ከአልጋዋ ስትወርድ እሱ የለም!

ልቡ የሸፈተው ክለቡን የተቀላቀለች ዕለት ነው። የማሳጅ አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋችለትና፣
«ቀስ በል፤ መለዋወጫ የለኝም» አለችው።
ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልነበረውም።

የትልቁ ውድድር ማጣሪያ ሲቃረብ በየጠዋቱ የተረከዟን ጅማት ይጫናል።
«ያማል?»
«ኧረ ምንም!»
አመናት። ሦስት ቀን ሲቀር ግን አንድ ክፍል አብራት የምታድረው ጓደኛዋ በር ላይ ያዘችው።
«አንተ ሞኝ! ከአልጋዋ ስትነሣ ግድግዳ ይዛ ነው የምትራመደው። እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ደረጃውን ሃያ ጊዜ ተመላልሳ፣ ሲፍታታላት ነው አንተ ጋ የምትመጣው።»

ሮጦ ሄደ፤ ልብስ ስታሰጣ አገኛት።
«ለምን ዋሸሽኝ?»
«ከማጣሪያው ከቀረሁ ክለቡ ያሰናብተኛል።»
«ጅማቱ ቢበጠስስ?»
«ይበጠስ! ከዚህ ከወጣሁ አንተን የት አገኝሃለሁ?»
ቃሉ አመለጣት። ስንት ወር ሲመኘው የኖረው ቃል፣ በዚህ ቀን ይምጣ?
«ለአሰልጣኙ እንዳትነግር... በሞቴ!»

ሄዶ ለአሰልጣኙ ነገረ። ስሟ ከማጣሪያው ተሰረዘ። ማታውኑ ሻንጣዋን ይዛ ከክለቡ ወጣች።
«ሁለተኛ ዓይንህን አታሳየኝ» አለችው።

ስልኳን አላነሣ አለች። እህል አልወርድ አለው፤ ባዶውን የማሳጅ አልጋ እያየ ይቆዝማል። በመጨረሻ እሷ የተጠለለችበት እህቷ ቤት ሄዶ በየጠዋቱ ደጃፉ ደረጃ ላይ ይቆም ጀመር። ለተዘጋው በር ያወራል።
«ጣትሽን ደረጃው ጫፍ ላይ አድርጊ። ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ አውርጂ። እንዳትቸኩይ።»
እህቷ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ሰውዬው በሩን ሊያሸው ነው እንዴ?» ትላለች።
አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት... ተስፋው አለቀ።
በአራተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተ። ወጥታ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመች። ተረከዟን አወረደች። እንባዋም አብሮ ወረደ።
«ሸጥከኝ።»
«ሩጫሽን ሸጥኩ። እግርሽን ግን አላስነካም።»
«እኔንስ?»
«አንቺንማ ለማን አባቴ ልሰጥሽ? እወድሻለሁ እኮ!»
ትከሻውን ተደግፋ ቆመች። እስከዚያች ቀን ግድግዳ ነበር የምትደገፈው።

ዘንድሮ ተጋቡ። ጠዋት እግሯን ከአልጋው ስታወርድ እሱ ትንፋሹን ይዞ ያያል። አንድ ቀን ሆን ብላ አነከሰች!
«ወይኔ!» ብሎ ዘለለ።
ሳቀችበት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ የሩጫ ጫማዋን አጠለቀች። እሱ ተንበርክኮ ክሩን እያሰረላት፣
«ቀስ በይ» አላት፤ «መለዋወጫ የለኝም።»