ከአስራ አምስት ሜትር ላይ

ቅዳሜ ከሰዓት መልስ ልሰጠው ቀጠሮ ነበረን። «ታገቢኛለሽ?» ካለኝ ሳምንት ሞልቶታል። አዎ ልለው ልቤ ከቆረጠ ቆይቷል፤ አንድ ነገር ብቻ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮብኛል።

ሥራው ጣሪያ ማልበስ ነው። ከየትም ቢወድቅ በእግሩ ይቆማል ብለው ጓደኞቹ «ድመቱ» ይሉታል። እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። የተዋወቅን ዕለት ግን ሲወድቅ የቆመው በእጁ ነበር፤ አንጓው ተሰንጥቆ እኔ ጋ መጣ። «አትንቀሳቀስ» ስለው ሳቁ አልቆም ብሎት ሦስት ጊዜ ደግሜ አነሳሁት። ከዚያ ከእህቱ ጋር ለሚጫወቱት የቅዳሜ ጨዋታ ጋበዘኝ። ጠረጴዛ ከበን በምናባችን ጀግና እንሆናለን፤ የሚገጥመንን እሱ ይተርካል፣ ዕድላችንን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወስናል። ታናሽ እህቱ ጠንቋይ፣ እኔ ቀስተኛ።

ሰሞኑን ታዲያ ከራጅ ክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ላይ ሥራ ያዘ። አምስተኛ ፎቅ፣ ያለ ገመድ። እንዲታሰር ስለምነው «ገመድ ያዘገያል፣ የኔ ቆንጆ» ይለኛል።

ያን ቅዳሜ በጨዋታው ጠላት እያሳደደን ማማ ጫፍ ላይ ደረስን። እህቱ ገመድ ልታወጣ ስትል ቀደምኳት።

«እኔ እዘላለሁ።»

«ገመድ አለን እኮ» አለች።

«ገመድ ያዘገያል።»

እሱ ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል።

«ከፍታው ስንት ነው?» አልኩት።

«አስራ አምስት ሜትር።»

ሕጉ ቀላል ነው። ለየሦስት ሜትሩ አንድ ዳይስ ይጣላል፣ የወጣው ከሕይወት ነጥብ ይቀነሳል። አምስት ዳይስ ቢበዛ ሠላሳ ነው፤ ቀስተኛዬ አርባ አላት። ብትፈልግም አትሞትም።

ጣለ። አስራ ስምንት።

«ሃያ ሁለት ቀረሽ። ተነሺ፣ ጠባቂዎቹ እየመጡ ነው።»

«አልነሳም። ሁለቱም ተረከዞቿ ደቀዋል፣ ወገቧ ላይ አንዱ አጥንት ተጨፍልቋል። ባለፈው ረቡዕ ከዚሁ ከፍታ የወደቀ ሰው ራጅ አንስቻለሁ። ሚስቱ ጫማውን ታቅፋ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።»

እህቱ ዳይሶቹን መሰብሰብ ጀምራ ተወችው።

«ጨዋታ ነው እኮ» አለ፤ ድምፁ ግን ወርዷል።

«ጨዋታ ከሆነ ተርክልኝ። ማን ነው የሚያነሳኝ?»

አንዱን ዳይስ በጣቱ አገላበጠ።

«አንድ ሰው ያያታል» አለ በመጨረሻ። «ይሮጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... እንዴት አድርጎ እንደሚነካት አያውቅም።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ልቤ ስፍስፍ አለ፤ ቢሆንም አልለቀቅኩትም።

«እኔ መስኮቴ ጋ ቆሜ የምውለው አሁን እንደተረክኸው ሰውዬ ነው።»

«መልስሽ ይሄ ነው?»

«መልሴን ቀስተኛዋ ስትነሳ ትሰማለህ።» ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

እሁድ አልደወለም። እኔም ኩራት ይዞኝ አልደወልኩም፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ስልኩን ግን መታጠቢያ ቤት ድረስ ይዤው እዞር ነበር።

ሰኞ የመስኮቱን መጋረጃ ሳልገልጥ ሁለት በሽተኛ ራጅ አነሳሁ። ሦስተኛው ሲወጣ አላስቻለኝም።

ጣሪያው ጠርዝ ላይ ነበር። ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ታጥቋል፤ ከቀበቶው የወጣ ቢጫ ገመድ ምሰሶው ላይ ታስሯል። ገመዱ እግሩ ላይ እየተጠመጠመ ያስቸግረዋል፣ እሱም እየተነጫነጨ ይፈታዋል። የሰው ንጭንጭ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ቀስተኛዋ ተነስታለች» ብዬ ላኩለት።

ኪሱን ዳብሶ ስልኩን አወጣ። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ መዶሻውን አስቀምጦ እዚያው ጠርዙ ላይ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። እንዳይወድቅ የያዘው ገመዱ ብቻ ነበር።